ትርፍ ሰው

ፈታሿ ይሏታል። ሥራ የጀመረችው በማረሚያ ቤቱ ዋና በር ላይ ሴት ጠያቂዎችን በመፈተሽ ነበርና ቅጽል ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሴቶች ክልል ጠባቂ ሆነች፣ ማታ ማታ ተምራ ዲግሪዋን ያዘች፣ ቆይታም የዚያው ክልል ኃላፊ ሆነች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው እንቁላሉ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ አልነገረንም። እሷ ብትጠየቅ ግን ታስረዳን ነበር። አሁን የማረሚያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ፈታሿም ወንበራቸውን ትፈልገዋለች። "ቢሰጡኝ አልጠላም" የሚባለው ዓይነት መፈለግ አይደለም፤ አምርራ ነው የምትፈልገው።

ችግሩ ደንቡ ነው። በወንዶች ክልል በፈረቃ ኃላፊነት ያልሠራ ሰው ለዋና ኃላፊነት አይወዳደርም። በወንዶች ክልል ደግሞ ሴት ተመድባ አታውቅም። ለምን ቢባል፣ ለሴት ሠራተኛ የሚሆን መጸዳጃ ቤት የለም። መጸዳጃ ቤቱስ አለ፤ የሌለው ከውስጥ የሚዘጋበት መቀርቀሪያ ነው። ቁልፍ እንደ ጠጠር በሞላበት ግቢ፣ በአንድ መቀርቀሪያ እጦት የስንት ሴት እድገት ታስሮ እንደኖረ ስታስቡት መሳቅም ማልቀስም ያምራችኋል። ፈታሿ ሁለቱንም አላደረገችም። ዋና ኃላፊውን አስፈቅዳ፣ ከእንጨት ሥራው ክፍል አንድ ታራሚ አስጠርታ፣ ከምሳ በፊት መቀርቀሪያውን አስመታች። ምክንያቱ ሲያልቅባቸው ጊዜ በወንዶች ክልል የፈረቃ ኃላፊ አድርገው መደቧት።

በዚህ አንጀታቸው ካረረ ሰዎች የመጀመሪያው ምክትል ኃላፊው ነበር። ለዚያ ወንበር ከማንም በፊት ራሱን ያጨው እሱ ነው። ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ሐቁን እንናገር ካልን፣ እስረኛ በመቁጠር የሚስተካከለው በግቢው አልነበረም። ግን ሴት አለቃ የሚባል ነገር ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይቆምበታል። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው" እያለ ሻይ ቤት ውስጥ ያስቅባታል። ሲብስበት ደግሞ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ይላል፤ እሷ እየሰማችው።

ይህችን ተረት አንድ ቀን ለአማቷ ነገረቻቸው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ አስፋልት ያውቀዋል፤ ልጆቿን ያሳደጉላት አማቷ ናቸው። "ሰው ልጁን ለሰው ልጅ ይድራል፣ እኔ ለእስር ቤት ዳርኩት" እያሉ ቢያሽሟጥጧትም፣ ለፈተና ስታጠና መብራቱን አጥፊ ብለዋት አያውቁም። ተረቱን ሲሰሙ እጃቸውን ከሊጡ ውስጥ አወጡና፣ "እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ በየትኛው ወንድ ነው ያለቀው? ጠይቂልኝ እስቲ" አሏት። እሷ አልጠየቀችም፤ ነገሩን ግን እንደ ስንቅ ይዛው ትሄድ ነበር።

ከኋላዋ የሚጠብቁም ነበሩ። በሴቶች ክልል ከሚሠሩት ጠባቂዎች አንዷ፣ ረጅሟ የሚሏት፣ እኔም ወንዶች ክልል ልመደብ ብላ አመልክታ ነበር። የተሰጣት መልስ "መጀመሪያ የሷን እንይ" የሚል ነው። እንግዲህ ፈታሿ ከወደቀች የምትወድቀው ብቻዋን አይደለም። ይህን ስታስብ አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይላት ነበር።

የፈረቃ ኃላፊነት ጊዜዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሹመት ኮሚቴው ማረሚያ ቤቱን ሊጎበኝ መጣ። ቃለ መጠይቁ በማግስቱ ነው። እንግዶቹ ወጥ ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ የእንጨት ሥራውን ሲያዩ ዋሉና ለመሄድ ሲነሱ የምሽቱ ቆጠራ ሰዓት ደረሰ። በዚያ ግቢ አንድ የማይታጠፍ ደንብ አለ፤ የምሽቱ ቆጠራ ሞልቶ የፈረቃ ኃላፊው ካልፈረመ ዋናው በር ለማንም አይከፈትም።

ታራሚዎቹ እንደ ልማዳቸው በየመኝታ ክፍላቸው ፊት ለፊት አምስት አምስት ሆነው ቁጢጥ አሉ። ፈታሿ በመካከላቸው እያለፈች ቆጠረች። አንድ ሰው በዛ።

ሰው ሲጎድል ምን እንደሚደረግ እዚያ ቤት ከዘበኛ እስከ ወጥ ሠሪ ሁሉም ያውቃል፤ ፊሽካ ይነፋል፣ በር ይዘጋል፣ ልብ ይመታል። ሰው ሲበዛ ግን ምን ይደረጋል? ሁለት ጠባቂዎች ለየብቻ እንዲቆጥሩ አዘዘች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ፣ ያው አንድ ሰው በዛ።

ምክትሉ ቀስ ብሎ ተጠጋት። እንደ አዛኝ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ድካም ነው፣ ሁሉንም ያጋጥማል፣ ትክክለኛው ቁጥር እንደሆነ ጧት የታወቀ ነው፣ እሱን ሞልተሽ ፈርሚና ሰው ቤቱ ይግባ፣ እንግዶቹም ቆመዋል አላት። ምክሩ ጣፋጭ ነበር። እሷም ለአንድ አፍታ እጇ ወደ እስክሪብቶው ሄዷል። ነገ ፊታቸው የምትቀርብ ሴት ዛሬ መቁጠር አልቻለችም መባሉን ፈርታለች፤ በጣም ፈርታለች። እስክሪብቶውን መልሳ ኪሷ ከተተችና ለአራተኛ ጊዜ መቁጠር ጀመረች፤ አሁን ግን ራስ ሳይሆን ፊት እያየች።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በመጨረሻው ክፍል፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ ፎጣ ተከናንቦ እንደ በሽተኛ ያቀረቀረ አንድ ሰው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ብርድ መስሏት ነበር፤ ሳቅ ኖሯል። ፎጣውን ስታነሳው ቀልደኛው የሚባለው የቀን ፈረቃ ዘበኛ፣ ያንን የታወቀ ቦርጩን በእስረኛ ልብስ ወጥሮ፣ ዓይኑን ጠቀሳት።

ታራሚዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ምን እንደምታደርግ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ፈታሿ ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባት። ዝም ብላ ፈርማ ቢሆን ኖሮ፣ ነገ ምክትሉ ኮሚቴው ፊት ቆሞ "እስረኛና ዘበኛ ለይታ ሳታይ በሐሰት የፈረመች" ይላት ነበር። አሁን ስቃ ብትለቀው ደግሞ በወንዶች ክልል የሠራችው ሥራ ሁሉ የአንድ ሻይ ቤት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ንዴቷ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጭንቅላቷ ላይ ደረሰ። ድምፅዋ ግን ከወትሮው ከፍ አላለም።

"የታራሚ ቁጥርህ ስንት ነው?" አለችው።

ሰውየው ሳቁን እንደምንም አምቆ፣ "ኧረ እኔ ነኝ!" አላት።

"እኔ ማለት ቁጥር አይደለም።" ወደ ጠባቂዎቹ ዞረች። "በታራሚ ልብስ፣ በታራሚ ሰልፍ ውስጥ የተገኘ፣ እንዴት እንደገባ ያልታወቀ ሰው ነው። ማን እንዳስገባው እስኪጣራ ለብቻው ቆልፉበት።"

ጠባቂዎቹ የቀልዱ ቀጣይ ክፍል መስሏቸው ፈገግ አሉ። ትእዛዙን ደገመችው። ፈገግታቸው ከፊታቸው ወረደና ሰውየውን በብብቱ ይዘው አስነሱት። ቀልደኛው መጀመሪያ እየሳቀ ሄደ፤ የብረቱ በር ሲዘጋበት ግን ሚስቴ ትጠብቀኛለች፣ ኧረ በሕግ፣ እያለ ሲለምን ከግቢው ማዶ ድረስ ተሰማ። ከታራሚዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ፣ ሁሉም መጀመሪያ ቀን እንደዚያ ነው የሚለው፣ ይለምዳል አሉ።

በዚህ መካከል ዋናው በር ላይ እንግዶቹ ቆመዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማዘግየትም መዘግየትም የማይወዱ አንጋፋ ሰው ናቸው። ጡረታ የሚወጡት ዋና ኃላፊ እንግዶቹን ይዘው እስከ ወንዶች ክልል አጥር መጡ። ፈታሿ ቆጠራው አልሞላም፣ በሩ አይከፈትም ስትል ሰብሳቢው እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቋት።

"አውቃለሁ፣ ጌታዬ" አለቻቸው። "ነገ የሚጠይቁኝ እርስዎ ነዎት። ግን ዛሬ ትርፍ ሰው ይዤ በር ከከፈትኩ፣ ከእርስዎ መኪና ጋር ማን እንደወጣ ለነገ ምን ብዬ እመልስልዎታለሁ?"

ዋና ኃላፊው ትርፉን ሰው ማን አስገባው ብለው ጠየቁ። ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው፤ ያስገባው ሰው ቀርቦ በአንደበቱ እስኪናገር የተገኘው ሰው ተይዞ ያድራል። ሁሉም ዓይን ሳይታዘዝ ወደ ምክትሉ ዞረ። ምክትሉ ሰማዩን አየ፣ ጫማውን አየ። ከብረቱ በር በስተጀርባ ጓደኛው በስሙ እየጠራ ይማጸነዋል። ዐመዱ ቡን ብሎ፣ ሰውየው የኛው ዘበኛ ነው፣ ልብሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለ። ለምን ሲባል፣ "ለቀልድ" አለ።

ሰብሳቢው ትክ ብለው አዩት። "ቀልዱን ነገ ለኛ ልትነግረን ነበር?" አሉት።

ቀልደኛው ወጣ፤ ቦርጩ ትንሽ የቀነሰች መሰለች። ፈታሿ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች። ልክ ነበር። ፈረመችና በሩ እንዲከፈት አዘዘች። እንግዶቹ ሲያልፉ ሰብሳቢው ምንም አላሏትም፤ ቤቷ እስክትገባ ድረስም ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች።

በማግስቱ የጠየቋት ብዙ ነው፤ ስለ በጀት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ታራሚዎች ትምህርት። ሁሉንም መለሰች። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ያን ሰው ገና ሲያዩት አውቀውታል ወይ አሏት። አውቄዋለሁ አለች። ታዲያ ለምን ስቀው አላለፉትም?

"ዛሬ የማውቀው ሰው በቀልድ ከገባ፣ ነገ የማላውቀው ሰው በቀልድ ይወጣል" አለች። ከዚያ ጨመረች፤ "መሳቁንስ ስቄያለሁ። ቤቴ ገብቼ፣ ከአማቴ ጋር፣ ሆዳችንን እስኪያመን።"

የሹመቱ ዜና ሲደርስ አማቷ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው ብዙ ቆዩና፣ ሲገለጡ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ እየዞሩ ነገሩ። ፈታሿም አለቀሰች፤ የደስታ ለቅሶ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያን ቀን ነው ያወቀችው።

አዲሱ ወንበሯ ላይ በተቀመጠች በመጀመሪያው ሳምንት ምክትሉ የዝውውር ማመልከቻ ይዞ ገባ። ከዚያች ምሽት በፊት "አንቺ" ሲላት የኖረው ሰው፣ "ቢፈቅዱልኝ፣ ከእርስዎ ጋር መሥራት ይከብደኛል" አላት። ይከብደዋል፤ እሷም ታውቃለች። ብትለቀው ለራሷም እፎይታ ነበር። ማመልከቻውን መለሰችለት።

"በዚህ ግቢ እንደ እርስዎ ቆጠራ የሚያውቅ ሰው የለም" አለችው። "ረጅሟን ለወንዶች ክልል የፈረቃ ኃላፊ አድርጌ መድቤያታለሁ። የሚያሠለጥኗት እርስዎ ነዎት።"

ማመልከቻውን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ከመቼ ጀምሮ አላት።

"ከዛሬ።"

ያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢሮዋ መስኮት ላይ ቆመች። ረጅሟ በአምስት በአምስቱ ረድፍ መካከል ታልፋለች፤ ምክትሉ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከኋላዋ ይከተላል። አንድ ጊዜ ቆም ብሎ የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገራት፣ እሷም ወደኋላ ተመልሳ አንዱን ረድፍ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ግቢውን በሚሞላ ድምፅ፣ "ሞልቷል!" አለች።

የሴት ድምፅ ከወንዶች ክልል እንዲህ ጮክ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ከአጥሩ ማዶ፣ ከሴቶች ክልል፣ መጀመሪያ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ታራሚውም ጠባቂውም ሳይለይ ሁሉም። በቆጠራ ሰዓት ድምፅ ክልክል ነው። ምክትሉ ዝም ላሰኛቸው ወይ በሚል ዓይን ወደ ዋና ኃላፊዋ መስኮት ቀና አለ።

እሷም ምንም ምልክት አልሰጠችውም። እልልታው በራሱ ጊዜ እስኪያበቃ እዚያው ቆማ ሰማችው።