የነሐሴው ዝናብ ቅጂ

ጁነይድ መርሳ ከተማ ተቀምጦ ለገበሬው የዝናብ መጠን በስልክ የሚልክ ፕሮግራም ይሠራል። ኔትወርኩ ቢያስመርረው፣ የየመንደሩ ለኪዎች ልኩን የሚልኩበት ሰርቨር ነሐሴ ላይ የሰጠውን አንድ መልስ ቀድቶ አስቀመጠ፤ ፕሮግራሙንም የሚፈትነው ሰርቨሩን በመጠየቅ ፈንታ ያንኑ ቅጂ እየሰጠው ነው። ፈተናው ወድቆ አያውቅም፤ እንዴትስ ይውደቅ?

ዛሬ ሼህ ኡበይደላ ከግራና መንደር መጡ።

«ልጄ፣ መልእክቱ ከቀረ ሁለት ወር ሆነው።»

«ፈተናውን ያልፋል እኮ፤ ይዩት።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አነበቡ፦ «ግራና፣ አሥራ አራት ሚሊሜትር። የለካችው፦ ሀስና ኡበይደላ።»

ጁነይድ ከሁለት ወር በፊት የሀስናን ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጧል። ከእሷ በኋላ ዝናቡን ማን እንደሚለካ ግን አልጠየቀም።

«አንተ ዘንድማ አልሞተችም» አሉ አባቷ።

አንገቱን ደፍቶ ቅጂውን ሰረዘና ሰርቨሩን በቀጥታ ጠየቀ። መልሱ ባዶ መጣ፤ ፈተናው ወደቀ።