አጅሪት በዳገቱ ላይ

ልጆቼ፣ መኪና ቤተሰብ ያጣላል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። የእኛን ቤት ግን አንዲት ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ የተላላጠ መኪና ለሦስት ከፍላን ነበር። ስሟን አጅሪት ያላት ባለቤቴ ነው። ለፍጥነት የተሠራች ናት፤ ዕድሜዋ ግን ገፍቷል። ከልጄ በፊት ስንት ሰው እንደጋለባት እንጃ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ዞሮ ዞሮ ሰልችቶት ቆሟል። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጢስ ትተፋለች። ዘይት ደግሞ እንደ ውሃ ትጠጣለች።

የገዛቻት ልጄ ናት፤ አንድያ ልጄ። ግቢያችን ውስጥ ባለው ጋራዥ ከአባቷ ጋር ትሠራለች። ከከተማው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ በየዓመቱ የመኪና ውድድር አለ፣ ማን ቀድሞ ጫፍ ይደርሳል ነው ነገሩ። እሷም ቱርቦ ልግጠምላትና ልወዳደርባት አለች። ቱርቦ ማለት እኔ እንደገባኝ ሞተሩ ውስጥ አየር በግድ እየነፋ ጉልበቱን የሚያበዛ ነገር ነው።

ባለቤቴ ደግሞ «ሞተሯ ይውረድ፣ ይፈታ፣ ያለቀው ይቀየርና እንደ ጥንቷ ትሁን። ከዚያ በላይ አንዲት ብሎን አልጨምርም» አለ።

እኔስ? እኔ ትሸጥ አልኩ። ተሽጣ ከዓይኔ ትጥፋ።

ባለቤቴን ሰፈሩ ጋሽ ጎታች ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከየመንገዱ የተገለበጠ መኪና ሲጎትት የኖረ ሰው ነው። ከጋራዡ ጀርባ የተጨራመቱት ተደርድረዋል፤ ከዚያ ከውድድሩ ዳገት ያመጣቸውም አሉባቸው። የእነዚያን መቀመጫ ሲያጥብ እኔንም ልጄንም አያስጠጋም። በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ያጥባል።

አንድ ቀን ማዕድ ላይ ነገሩ ተነሳ።

«ያረጀ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም ለሽማግሌ የሩጫ ጫማ መግዛት ነው» አለ።

«አንተ ብትሆን ሳትሮጥበት አታድርም ነበር» አለችው።

«እኔማ መሮጡ መች አቃተኝ፤ መቆሙ ነው።»

ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሳቁ ሳያልቅ ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እዚህ ካልገጠምክልኝ ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ፣ አባዬ። ማንም ይገጥምልኛል።»

ፊቱ ጠቆረ። ማንም እንዴት እንደሚገጥም እሱ ያውቃላ፤ የማንምን ሥራ ከገደል ሲያወጣ ነው የኖረው።

በዚያ ሰሞን ገዢ መጣ። ጃኬቱ የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ ነው፣ ከበር ሲገባ ሽቶው ይቀድመዋል፤ ልጄ «ሽቶው» ብላ ስም አወጣችለት። ዳገት ስትወጣ ካላየሁ አልገዛም አለ። ያኔ ስምምነት ተደረገ። አጅሪት ዳገቱን በሙሉ ጉልበቷ ከወጣች አባትየው ቱርቦውን በገዛ እጁ ሊገጥም፣ ካቃታት ግን ለሽቶው ልትሸጥ። ሁሉም ቃሉን ሰጠ። ባለቤቴ ቶሎ እሺ ማለቱ ገረመኝ። እሱ በነገር ቶሎ የሚስማማ ሰው አይደለም።

በቀጠሮው ቀን እሱ ዕቃ ሊገዛ ወጣ ብሎ ነበር። ልጄ መሪውን ያዘች፣ ሽቶው ከጎኗ ገባ። እኔ በር ልዘጋላቸው ብቅ ብል፣ «እማዬ፣ ነይ ግቢ፣ ምስክር ሁኚ፤ ኋላ አልወጣችም ብለው እንዳይከራከሩኝ» አለችኝ። የኋላው መቀመጫ መቀመጫ አይባልም። ጉልበቴ አገጬ ሥር ገብቶ፣ እንደ ታሰረ በግ ተጠቅልዬ ሄድኩ።

ዳገቱ ላይ ድንጋይ የጫነ ትልቅ መኪና ከፊታችን እያቃሰተ ይወጣል። ልጄ ወደ ግራ ወጣ ብላ አየች፤ መንገዱ ባዶ ነው። ማርሽ ቀንሳ ልትቀድመው ወጣች። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጠው ከኋላ ሆኜ ጭኗ ሲወጠር ይታየኛል። መኪናዋ ግን ፍጥነት አልጨመረችም። እግሯን ጨመረች፤ ምንም። ከጭነት መኪናው ጎን ለጎን ሆነን አንቀድም፣ አንቀር።

ከመታጠፊያው አውቶቡስ ብቅ አለ።

ጥሩምባው ጆሮዬን ደፈነው። ሽቶው «እህቴ» አለ፣ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው። ልጄ ፍሬኑን ያዘች፣ ጎማው ጮኸ፣ የጭነት መኪናው ጎን በመስኮቴ በኩል ወደ ፊት ሲንሸራተት አየሁ፣ ከኋላው ሹልክ አለች። አውቶቡሱ የጎን መስታወቷን ገንጥሎ አለፈ። ንፋሱ መኪናዋን እንደ ወንፊት ነቀነቃት።

መንገድ ዳር ቆምን። ነፍሴ ወደ ሥጋዬ ስትመለስ ተሰማኝ፤ ጣቶቼ ግን የልጄን ወንበር ጀርባ ጨብጠው አልለቅ አሉ።

ሽቶው ጉሮሮውን ጠረገና «ሞተሩ አልቋል። ለመለዋወጫ ካልሆነ በቀር…» አለ።

ልጄ አልሰማችውም። ወርዳ ተንበረከከች፣ ምንጣፉን ገልጣ ከነዳጅ መስጫው ሥር እጇን ሰደደች። ያወጣችው ቁራጭ እንጨት ነው፣ እንዳይንሸራተት ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ተጠቅልሎበት በሽቦ የታሰረ። ያን የሽቦ አጠማዘዝ እኔም አውቀዋለሁ። በእኛ ጋራዥ ሞተሩ ታድሶ ለሚወጣ መኪና ሁሉ ይደረጋል፤ ባለመኪናው ቸኩሎ አዲሱን ሞተር እንዳያስጮኸው፣ እስኪለምድ ድረስ መስጫው እስከ መጨረሻ እንዳይወርድ። ለደንበኛ ግን ተነግሮት ነው የሚደረገው። አጅሪት ደግሞ ሞተሯ አልታደሰም።

ልጄ እንጨቱን ይዛ አየችኝ። ዝም ብትል መኪናዋ ትሸጣለች፣ አባቷም አይጋለጥም። እኔም የፈለግኩት ይሆንልኛል። አላፍርም ልንገራችሁ፣ በዓይኔ ዝም በይ አልኳት።

«ሞተሯ አይደለም» አለችው ሰውየውን። «ነዳጅ ተከልክላ ነው። ይኸው።»

ሽቶው እንጨቱን አገላብጦ አየ። «ሻጭ መኪናውን ሲያሽሞነሙን አይቻለሁ፤ ሲያኮላሽ ግን ገና ዛሬ ነው» አለ። ከዚያ ጃኬቱን አራገፈ። «ቤተሰቡ ሲታረቅ ጥሩኝ። እኔ በእግሬ እወርዳለሁ።» ወረደም።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ተመልሶ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። እጁ ላይ ቁልፍ ይዟል፣ የሚፈታው ግን የለም። የተገነጠለውን መስታወት አየ። ልጄ እንጨቱን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ልቀድም ወጥቼ ነበር፣ አባዬ» አለችው።

ሌላ አልጨመረችም። እሱ ግን የቀረውን በዓይነ ሕሊናው ያየው ይመስለኛል፤ ሥራው ነዋ። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ደካማ መስላ እንድትሸጥ ብዬ ነው። ትቀድሚያለሽ ብዬ አላሰብኩም። እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ዛሬ ልሞትብህ ነበር። እማዬም ከኋላ ነበረች።»

ይሄን አላወቀም። ቀና ብሎ አየኝ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ የእሱ ሊደርስ የነበረው በገዛ እጁ ተጠርቦ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን መሃል ገብቼ አበርድ ነበር። ያን ቀን ግን የማበርድበት አፍ አጣሁ።

ልጄ የመኪናዋን በር ከፈተች። «ግባ።»

«የት?»

«እንወጣዋለን። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ።»

መሪ ያልያዘበት መኪና ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሠርጋችን ቀን እንኳ ሾፌሩን አስወርዶ ራሱ ነድቷል። ወደ እኔ ዞረ፣ እንድከለክልለት። እኔ ምን አደረግኩ? ዳግመኛ አልገባባትም ብዬ የማልኩት ሴትዮ፣ ከኋላ ገብቼ ተጠቀለልኩ። ሁለቱን እዚያ ዳገት ላይ ብቻቸውን ልተዋቸው አልችልም። እሱም ገባ።

በዚህኛው ጊዜ መንገዱ ጭር ብሏል። ከዳገቱ ሥር ልጄ አንዴ ተነፈሰችና ረገጠችው።

ልጆቼ፣ ያቺ ሌላ መኪና ናት። ጀርባዬን መቀመጫው ጎተተኝ። ድምጿ ከማጉረምረም ወደ ጩኸት ወጣ፣ ዛፎቹ ወደ ኋላ ተወረወሩ። የባለቤቴ አንድ እጅ በሩን፣ አንዱ ከፊቱ ያለውን ዳሽቦርድ ጨብጧል፤ የእጁ ሥር ሁሉ ይቆጠራል። እግሩ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይፈልጋል። «በቃ» ሲል ከንፈሩ ከጎን ይነበባል፣ ድምፅ ግን አላወጣም። መታጠፊያው መጣ፤ ያው አውቶቡሱ የወጣበት። ልጄ ሳትደርስበት አስቀድማ አቀዘቀዘች፣ አጥብቃ ዞረች፣ ሲቀና እንደገና ሰጠቻት።

ከዚያ ጫፉ ሳይደርስ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ራሷ እግሯን አነሳች።

«ምነው?» አለ አባትየው።

«አልሰማህም?»

«ምኑን?»

«ሞተሯ ከታች ያንኳኳል።» ትንሽ ጨመረችለት። «አሁንስ?»

ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘነበለ። ፍርሃቱ ጆሮውን ይዞበት ነበር እንጂ እሱ የሚያመልጠው ድምፅ አልነበረም። ቆይቶ «አዎ። ከሥር ነው» አለ።

«ቱርቦ ገጥሜ ቢሆን ኖሮ እግሬ ሥር ነበር የምትበተነው። ይሄን የሰማሁት ግን ሙሉ ስሰጣት ነው፣ አባዬ። በእንጨቱ ቢሆን አልሰማውም ነበር።»

ጫፉ ላይ ደርሰን ቆመን፣ ከኮፈኑ ሥር ጢሱ እየተነነ፣ ሦስታችንም ወደ ከተማው ቁልቁል እናያለን።

«አትሸጥም» አለች ልጄ። «ቱርቦም አይገጠምም። ትወርዳለች፣ ትፈታለች።»

«እኔም ያልኩት እኮ…»

«የምፈታት እኔ ነኝ። አንተ ቁልፍ አትነካም፤ መብራት ትይዝልኛለህ።»

«መብራት ብቻ?»

«መብራት ብቻ።»

«ውድድሩስ?» አልኩ እኔ ከኋላ፣ ማን ጠየቀኝ እንጂ።

«ዘንድሮ ይለፈኝ። ከርሞ ግን እወጣለሁ፣ እማዬ። ሁለታችሁም ስሙኝ፣ ከርሞ እወጣለሁ።»

ባለቤቴ እሺ ለማለት የፈጀበትን ጊዜ ዳገቱ ራሱ አይፈጅም። ግን አለ።

ጠዋት ጋራዥ ስገባ የአጅሪት ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ልጄ ክርኗ ድረስ ዘይት ሆና ከሥሩ ተንበርክካለች። አባትየው መብራቱን በሁለት እጁ ይዟል።

«ያን ብሎን መጀመሪያ ካላላላሽ…» አለ።

«አባዬ።»

መብራቱን ወደ ያዘችው ብሎን መለሰ።

«ዝቅ አድርገው፣ አይታየኝም።»

ጉልበቱ እያመመው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከና መብራቱን ዝቅ አደረገላት።