የጓሮው አጥር

ሐሊማ ትምህርቷን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፤ የቤት ኪራይ ውሉን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ባሏ ጀማል ልብስ ሰፊ ነውና ወረቀቱን ከስፌት መኪናው መሳቢያ እያወጣ ደጋግሞ አንብቦላታል። «ደብረ ታቦር ላይ ያለን ቤት ይኼ ወረቀት ነው፤ እወቂው» ይላት ነበር።

ጥር ሲገባ ወረቀቱ ተፈለገ። የጀማል ጉበት ተበላሽቶ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ብለው መለሱት። የተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ በሩ የሚከፈተውም በአከራያቸው በወይዘሮ ፈንታነሽ ግቢ ላይ ነው። እዚያው ግቢ ደግሞ ለልጃቸው ለዓይናለም የሰርግ ዳስ ሊጣል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ፈንታነሽ አንድ ጠዋት መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ሐሊማ፣ እንዴት አደረ?»

«አልሐምዱሊላህ። ያው ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ... ወንድሙ ሬድዋን ሐሙሲት ሰፊ ቤት አለው አሉኝ። እዚያ ቢያርፍ ምን ይመስልሻል? ሰርጉ እስኪያልፍ ነው።»

«ሰርጉ እስኪያልፍ ነው ወይስ እሱ እስኪያልፍ?»

«ምላስሽ! እኔ ክፉ አልተናገርሁም። ሰርግ ባለበት ግቢ ዋይታ ከተሰማ ለሙሽራ ገድ አይሆንም። ልጅ ቢኖርሽ ይገባሽ ነበር።»

«ልጅ የለኝም። ውል ግን አለኝ።»

ፈንታነሽ በንዴት ቀበሌ ሄዱ። ሐሊማም ወረቀቷን በጉያዋ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ጸሐፊው ታደሰ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «አከራይ ተከራይን ማስወጣት ሲፈልግ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል።» ወደ ፈንታነሽ ቀና አለ። «ይኼ የጣት አሻራ የእርስዎ አይደለም?»

«የኔ ነው። ቤቱም የኔ ነው!»

«ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ማን ነካብዎት? ውሉ እስኪያልቅ የምትኖርበት ግን እሷ ናት።» ከዚያ ወደ ሐሊማ ዞረ። «አንቺም ስሚ። ተከራይ ያለ አከራይ ፈቃድ ግድግዳም ሆነ አጥር አያፈርስም።»

«አውቀዋለሁ» አለች።

ሁለቱ ሴቶች አንዱን መንገድ ሳይነጋገሩ ተመለሱ፤ አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታም ቀረ።

«አሸነፍሽ?» አላት ጀማል ከተኛበት።

«አሸነፍሁ።»

«ለእሳቸውም ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት። ቀኔ ከሰርጉ ቀን ከገጠመ ድምፅሽን ያዢው።»

ቀኑ ገጠመ። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ዳሱ ተጥሎ ሴቶቹ ድስት ሲጥዱ፣ ጀማል እጁ በእጇ ላይ እንዳለ አረፈ። ሐሊማ ሻሿን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች።

ዋዜማውን ከሐሙሲት የመጣው ሬድዋን ወንድሙን አጥቦ ከፈነ። በሹክሹክታ የተነገራቸው የጎረቤት ወንዶች አንድ አንድ እያሉ በዳሱ ውስጥ አልፈው ገቡ። የሰርግ እንግዳ መስለው ነው ያለፉት፤ ለአንዱማ ሴቶቹ ብርዝ ቀድተው ሰጥተውት፣ እምቢ ማለት ጨንቆት ይዞት ገባ።

ቀብሩ ለነገ አይባልም። ሙሽራው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል።

«ከጓሮ ሦስት አጠና ነቅለን በቅያሱ እናውጣው» አለ ሬድዋን። «ማን ያየናል?»

«ያለ ፈቃድ አይነካም።»

«ሐሊማ! ዛሬም ውል?»

«ዛሬም። በውል ገብቶ በስርቆት አይወጣም።»

ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ከበሮ ይመታል። ፈንታነሽ እጃቸው ቅቤ በቅቤ ሆኖ ወጥ ያማስላሉ።

«እትዬ፣ ከጓሮው አጥር ሦስት አጠና ልንነቅል ነበር። ፈቃድዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። ነገ መልሰን እንተክለዋለን።»

«በዛሬ ቀን አጥር? ምን ልታወጡበት...» አሉና አፋቸው ላይ ቀረ። የሐሊማን ፊት አዩ። «መቼ?»

«ጎህ ሲቀድ።»

«ድምፅሽን አልሰማሁም።»

«እንዳይሰማ ያዝሁት።»

ፈንታነሽ ማማሰያውን አስቀመጡ። ሙሽራዋ ወዳለችበት ክፍል አዩ፣ ደግሞ ወደ በሩ አዩ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ አዲሱ የሰርግ ቀሚስ ነበር።

«ከበሮውን አቁሙ!»

«ኧረ እቴ፣ የልጅቱ ገድ...» አለች እህታቸው ፈጥና።

«ገዱ ከእኔ ራስ! ስምንት ዓመት በግቢዬ በር የገባ የወጣ ሰው ዛሬ በአጥር አይሾልክም። አግዳሚውን አንሡ። በሩን ወለል አድርጉት።»

ወንዶቹ አግዳሚዎቹን ወደ ዳር ገፉ። ዓይናለም በሙሽራ ልብሷ ወጥታ ደጃፏ ላይ ቆመች፤ ማንም ተመለሺ አላላትም። ጀማል በቃሬዛ፣ በለምለሙ ቄጠማ ላይ፣ በዳሱ መካከል አልፎ በትልቁ በር ወጣ።

ሐሊማ ሻሿን መልሳ አፏ ላይ ይዛ እስከ በሩ ሸኘችው፤ ሴት ወደ መቃብር አትከተልም። ፈንታነሽ አጠገቧ ቆሙ።

«በይ አልቅሺ እንግዲህ። ፈቅጃለሁ።»

ሐሊማ ሻሿን ከአፏ አነሣች። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ድምፅ ግን እምቢ አላት፤ አፏን ከፍታ ቀረች። በዚያ ግቢ መጀመሪያ ዋይ ያሉት፣ በሰርግ ቀሚሳቸው እንዳሉ፣ ፈንታነሽ ናቸው።