ከሶፊያ ቀን በፊት

ዜኖን መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች፤ መስታወቱ ግን የሌሊቱን ቅዝቃዜ ገና አልለቀቀም። ለችግኝ ከሠራው የመስታወት ቤት ሃያ ሁለት መስኮቶች አንዱ ነው። የማን ወጥ ቤት መስኮት እንደነበር ባያውቅም የተላጠው ነጭ ቀለም አሁንም የቆየ ዘይት ይሸታል። ከውስጥ ሠላሳ ስምንት የቲማቲም ችግኞች በሁለት መደዳ ቆመዋል። አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ትናንት ማታም ቆጥሯቸው ነበር።

ዛሬ ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ ሬዲዮው ከነጋ ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ ከዜሮ በታች አራት። ለፖላንዷ ሱቫውኪ ከተማ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። የበረዶ ቅዱሳን የሚባሉት የሦስቱ ቅዱሳን ቀናት በየዓመቱ በግንቦት ከውርጭ ጋር ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከኋላቸው ቀዝቃዛዋ ቅድስት ሶፊያ ትመጣለች፤ የእሷ ቀን ሳያልፍ ቲማቲም ከቤት የሚያወጣ የለም። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ዜኖንም ያውቀዋል፤ ሚስቱ ሬጊና አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ግንቦት በመጣ ቁጥር ስትነግረው ኖራለች። የሶፊያ ቀን ነገ ነው። ችግኞቹ ግን መሬት ከገቡ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው።

ሬጊና ሆስፒታል የገባች ዕለት ቦርሳዋን ሳይሆን ችግኞቹ የተደረደሩበትን የመስኮቱን ደፍ ነበር የምታየው። ዘሩ የእናቷ ነው፤ እናቷ ከግሮድኖ ስትሰደድ በመሐረብ ቋጥራ ያመጣችው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ዘሩ አርጅቶ መብቀል እየተሳነው ስለነበር፣ ዘንድሮ ሬጊና ፖስታውን አራግፋ የቀረውን ሁሉ ዘራችው። ለከርሞ ብላ ያስቀመጠችው አንድ ፍሬ እንኳ የለም። «እስከ ሶፊያ ከደፉ ላይ እንዳታነሳቸው» አለችው አምቡላንሱ በር ላይ ሆና። 

እሱ ግን ሊያስደስታት ፈለገ። በባቡር ጣቢያ ምልክት ሰጪነት ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ይጨነቃል። ፊት ለፊታቸው ባለው ፎቅ ላይ ሠራተኞች የእንጨት መስኮቶችን እየነቀሉ በፕላስቲክ ሲተኩ አየና አንድ ጠርሙስ ቮድካና ቋሊማ ይዞ ወረደ። ከአሮጌዎቹ መስኮቶች ሃያ ሁለቱን በእጅ ጋሪ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሶ ከሚኖሩበት ፎቅ ራቅ ወዳለው የማኅበር ጓሯቸው አጓጓዘ። ከመጋዘን በተጣለ ጣውላ ማገር አቆመ፣ መስኮቶቹን ከነማጠፊያቸው ገጠመ፣ ጣሪያውን በወፍራም ላስቲክ ከደነ። የግንቦት መጀመሪያ ሳምንት እንደ በጋ ሞቀ፤ ደፉ ላይ ያሉት ችግኞች ቀጥነው ወደ ብርሃን ተንጋደዱ። ቤት እኮ ሠርቻለሁ፣ ቤት ውስጥ እስካሉ ድረስ ወጡ አይባልም አለ ለራሱ፤ ተከላቸውም። አሁን ሲያስበው ያፍራል።

«ቤተ መንግሥቱ እንዴት አደረ?» አለ ኤድሙንድ ከአጥሩ ማዶ። የሃያ ዓመት የጓሮ ጎረቤቱ ነው፤ ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ሳይቀልድበት ያደረ ቀን የለም።

«ተወኝ እባክህ።»

«ሃያ ሁለት እጀታ ያለው ቤት! ንጉሥ እንኳ አልነበረውም።» ኤድሙንድ ጠጋ ብሎ ውስጡን አየና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ዛሬ አራት ነው ያሉት፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና የመቃብር መብራት፣ ያን በብርጭቆ ያለውን ትልቅ ሻማ፣ ግዛ። ትደረድራለህ፣ ትለኩሳለህ፣ በሩን ዘግተህ ትተኛለህ። አምና ዱባዬን ያተረፈው ምን መሰለህ? እናቴን ነፍሷን ይማርና ለእሷ ያስቀመጥኩትን ነው ያነደድኩት።»

«ሬጊና ሆስፒታል ተኝታ እኔ የመቃብር መብራት ተሸክሜ አልዞርም።»

ኤድሙንድ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «እሱስ እውነትህን ነው» አለ። «ግን ሌላ ምን አለህ?»

ሌላ ምንም አልነበረውም። የጓሮዎቹን የኤሌክትሪክ ሽቦ ክረምት ላይ ሌቦች ቆርጠው ወስደውታል፤ ማኅበሩም እስካሁን አልተካውም።

ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ዜኖን ከጓሮው ወጥቶ መንገዱ ላይ እስኪደርስ አላነሳውም።

«ልጆቼ እንዴት ናቸው?» አለች ሬጊና።

«ደህና ናቸው።»

«ወደ ፀሐይ እያዞርካቸው ነው?»

«በየቀኑ።»

«ዛሬ ማታ መጋረጃውን በእነሱና በመስታወቱ መሃል አድርገው። የዘንድሮዋ ሶፊያ ክፉ ናት ይላሉ እዚህ ያሉት ሴቶች።» ትንሽ አረፈች። ሆስፒታል ከገባች ከአምስት ሳምንት ወዲህ እንዲህ በየመሃሉ ማረፍ ለምዳለች። «ሐኪሙ ከሰዓት ይመጣል። ደህና ነሽ ካለኝ ነገ ጠዋት መጥተህ ትወስደኛለህ። አረንጓዴውን ካፖርት አምጣልኝ።»

«አመጣለሁ» አለ። ውሸቱ አፉ ውስጥ መረረው። ነገ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደዚህ ሊያመጣት፣ በሩን ራሷ እንድትከፍተው ሊያደርግ ነበር ያሰበው። አሁን ግን በሩን ከፍታ የጠቆረ ቅጠል ስታይ ነበር የሚታየው።

መልሶ ቢነቅላቸውስ? አንዱን ሞከረ። በእጁ ዙሪያውን ፈልፍሎ በቀስታ አወጣው፤ ነገር ግን ሥሩ ካሰበው በላይ ርቆ ሄዶ ኖሮ መሬቱ ውስጥ ሲበጠስ ተሰማው። ችግኙን ጣሳ ውስጥ አድርጎ ውኃ አጠጣውና ጥላ ሥር አስቀመጠው። ቀትር ላይ ሲመለከተው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሰባት እያለ ነበር የሚቆጥረው።

ከሰዓት በኋላ ሲሮጥ ዋለ። የመስኮቶቹን ስንጥቅ በጋዜጣ ጠቀጠቀ፤ ከኤድሙንድ ጭድ ተቀብሎ በግድግዳው ሥር ከመረ፤ ከቤት ሁለት ብርድ ልብስ አምጥቶ ጣሪያው ላይ ዘረጋ፣ ላስቲኩ ግን በክብደታቸው ስለጎበጠ መልሶ አወረዳቸው። አሥር ሰዓት ላይ ነፋሱ ቆመ። ደመናው ተጠራርጎ ሄደ፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠራ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚል ቀን ነበር። ዜኖን ቀና ብሎ አየ። የጠራ ሰማይ ሙቀት አያስቀርም። ብስክሌቱን አንሥቶ ወደ መካነ መቃብሩ በር ነዳ።

ሱቋ ውስጥ ያለችው ሴት ወፍራም ሹራብ ደርባለች። «ስንት ልስጥዎት?»

«ሃያ አራት።»

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየችው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጌታዬ። የቅርብ ሰው ነው?»

«ለቲማቲም ነው» አለ ዜኖን። ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

«ታዲያ ቀዩን ይተዉት፣ ነጩ ረጅም ሰዓት ይነዳል» አለች ሴትየዋ ምንም ሳይመስላት፤ ሳጥኑንም ጎተተች። «ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ለሙት የገዛኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ለኪያር፣ ለዱባ...»

ትንሽ ቀለል አለው። እስከ ጓሮው ድረስ ግን አልዘለቀለትም። መብራቶቹን ከሳጥኑ ሲያወጣ እያንዳንዱ ክዳን ላይ የቆርቆሮ መስቀል እንዳለ አየ። መስቀል ይኖራቸዋል ብሎ አለማሰቡ ሞኝነት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሙታን ቀን በመጣ ቁጥር ሲያበራቸው ኖሯል። ሃያ አራቱንም ክዳኖች አንድ በአንድ አውልቆ ጆንያ ውስጥ ከተተና የጆንያውን አፍ አሰረ። መብራቶቹን በችግኞቹ መሃል ደረደረ። ክብሪቱን ከኪሱ አወጣ፤ ያዘው፤ መልሶ ከተተው።

ፀሐይ ከዛፎቹ ጀርባ ገባች። ኤድሙንድ ወደ ቤቱ ሲሄድ በአጥሩ በኩል አይቶት አለፈ፤ አልቀለደም። ውስጥ የተሰቀለው ቴርሞሜትር አምስት ነበር፤ ከዚያ አራት ሆነ። ዜኖን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ሐኪሙ ከሰዓት ይመጣል ብላው ነበር። ሰዓቱ ከሄደ ቆይቷል፤ አልደወለችም። እሱም መደወል ፈራ። ቴርሞሜትሩ ሦስት ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ዜኔክ» አለች። እንዲህ የምትጠራው ስታዝንለት ነው። «ነገ አትምጣ።»

«ምን አሉሽ?»

«የቀዶ ጥገናው ስፌት አልያዘም አሉ። ሰኞ እንደገና ይከፍቱኛል።»

ዜኖን ጉልበቱን ጨብጦ ያዘ። እግሩ ሥር ሃያ አራት የመቃብር መብራት ተደርድሯል፤ እሱ ነው ያመጣቸው፣ በገዛ እጁ። ከፕለም ዛፉ ላይ አንዲት ጥቁር ወፍ የመጨረሻ ዜማዋን ትለቀዋለች።

«ዜኔክ፣ የት ነህ?»

«ቤት።»

«ወፍ ይሰማኛል። እኛ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወፍ ከየት መጣ?»

ሁሉንም ነገራት፤ መስኮቶቹን፣ ጋሪውን፣ የሞቀውን ሳምንት፣ ጣሳው ውስጥ የደረቀውን። ለአምስት ሳምንት ያህል እንዲህ ረጅም ተናግሮ አያውቅም። 

«ሁሉንም ተከልካቸው?»

«ሁሉንም።»

«አይ አንተ ሰውዬ» አለች ዝግ ብላ። «እናቴ ይህን ሳትሰማ መሞቷ በጃት። አሁን ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል?»

«ሁለት ሊሆን ነው።»

«ሙቀቱን በምን ልትይዘው ነው?»

«የመቃብር መብራት አለኝ። ሃያ አራት። ደርድሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላበራሃቸውም?»

ክብሪቱን በኪሱ ውስጥ ዳሰሰ።  አርባ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ከበስተጀርባዋ የምግብ ጋሪ እየተንኳኳ በኮሪደሩ ሲያልፍ ተሰማው።

«ዜኖን» አለች፤ አሁን በሙሉ ስሙ ነው። «አልሞትኩም እኮ። አብራቸው።»

«እጄ እምቢ አለኝ።»

«እኔ እቆጥርልሃለሁ። ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃቸው፣ ቅጠሉን እንዳይለበልበው። ላይኛውን መስኮት ገርበብ አድርገህ ተወው፣ አለዚያ በጭሱ ይታፈናሉ። በል ጀምር።»

ስልኩን ከፍ አድርጎ ማገሩ ላይ አኖረው። የመጀመሪያው ክብሪት ተሰበረ። ሁለተኛው ነደደ።

«አንድ» አለች ሬጊና የክብሪቱን ድምፅ ስትሰማ።

ተንበርክኮ ወደሚቀጥለው ሄደ። ሁለት አለች፤ ሦስት አለች። መስታወቱ ቀስ በቀስ በእንፋሎት ደበዘዘ፤ ውጪው አልታይ አለ።  አሥር ላይ ደርሶ ቀና ሲል ቴርሞሜትሩ ሁለት ላይ እንደቆመ ነው፤ አልወጣም፣ አልወረደምም። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ድምፅዋ እየቀጠነ፣ በቁጥሮቹ መሃል ያለው ዕረፍትም እየረዘመ ሄደ። አሥራ አራት።

ሌላ ክብሪት ጫረ። መብራቱን ለኮሰ። ጠበቀ።

ከስልኩ ምንም አልመጣም። ዜኖን በጉልበቱ እንደቆመ ቀረ፤ ሊጠራት አሰበና ፈራ፣ ጠርቷት መልስ ቢያጣስ። ወፏም ዝም ብላለች። ክብሪቱ እጁ ውስጥ ነድዶ ጣቱን እስኪለበልበው ድረስ አልጣለውም።

«አሥራ አምስት» አለች ሬጊና። «ምን ቆመሃል? እዚሁ ነኝ።»

ከፊቱ ገና ዘጠኝ መብራት ነበር። የክብሪቱን ቀፎ እንደገና ከፈተው።