የእንግዳወርቅ ሰንበር

የስቅለት ዕለት ወደ ማምሻው ላይ መምሬ አጥናፉ የወይራውን ዝንጣፊ በእንግዳወርቅ ጀርባ ላይ አሳረፉ፤ ሰንበሩ የወጣው ግን በጎረቤቱ በወንድይፍራው ጀርባ ላይ ነው።

እንግዳወርቅ ንስሐውን በሰው ፊት ማሳመር ይወዳል። ሌላው ምእመን በቅጠሉ ጫፍ ነካ ተደርጎ፣ የታዘዘለትን ስግደት ተቀብሎ ሲሄድ፣ እሱ “አባቴ፣ አጥብቀው ይምቱኝ፤ ኃጢአቴ ብዙ ነው” አለ። ብዙ ያለውን ሁሉ ተናዘዘ። ወንድይፍራውን መጥላቱን ግን አላነሳም፤ እሱን ከኃጢአት አይቆጥረውም ነበርና።

የተጣሉት በአጥር ነው። ወንድይፍራው አጥሩን ሲያድስ ወደ እንግዳወርቅ ግቢ ገፋ አደረገው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ አጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተፋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው እነዚህን ሁለቱን አላያቸውም።

በማግስቱ እንግዳወርቅ ጀርባውን ቢዳብስ ምንም የለም። ከክረምት ጀምሮ ደረቱን ሲሰነጥቀው የከረመው ሳልም የለም። በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። ወንድይፍራው ሸሚዙን አውልቆ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ብርነሽ ሰንበሩን በሞቀ ውሃ ታጥብለታለች። ሰውዬው ይስላል። እንግዳወርቅ ሳሉን ወዲያው ዐወቀው፤ የራሱ ነበር።

ለማረጋገጥ በባዶ እግሩ ድንጋይ ጠለዘ። እሱን አላመመውም። ከአጥሩ ወዲያ ግን “እህ!” የሚል ድምፅ ተሰማ። ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለው፤ የፋሲካን ሳምንት ድንጋይ ሲጠልዝ ሰነበተ።

ደስታውን ያበላሸው ሐኪሙ ነው። ባለፈው “ለመስከረም አትደርስም” ያሉት ሰውዬ ደረቱን ደጋግመው አዳመጡና “በሽታው ሄዷል” አሉት። ወዴት እንደሄደ እንግዳወርቅ ያውቃል። ደሙ ፈላ። መሬቱን የወሰደበት ሳያንስ አሁን ደግሞ ሞቱን ወሰደበት!

በቀጥታ ወንድይፍራው ቤት ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

“መልስልኝ” አለ።

ወንድይፍራው ከአልጋው ቀና አለ። “አጥሩን?”

“ሞቴን።”

“እሱ አይመለስም።”

“ማን ለመነህ?”

“ማንም። እንድወድህ ዐቢይ ጾምን ሙሉ እግዜርን ለመንኩ። አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ ይሄ ነው።”

“አሁንም ትጠላኛለህ?”

“ዓይንህን ማየት አልፈልግም። ውጣልኝ።”

እንግዳወርቅ ከዚያ ወጥቶ መምሬ አጥናፉ ዘንድ ሄደ።

“አባቴ፣ ከጠላት እጅ ዕድሜ አልፈልግም።”

“ክርስቶስ ሲሞትልህ ወዳጁ ነበርክ?”

“እሱ ይወደኛል። ይሄ ግን ይጠላኛል!”

“ይሄማ ሰው ነው” አሉ መምሬ።

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ኑር።”

ቃሉ እንደ ስድብ ተሰማው። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማታ ማታ ሳሉን ላለመስማት ጆሮውን በጨርቅ ይደፍን ጀመር።

ወንድይፍራው ለጰራቅሊጦስ አልደረሰም። እንግዳወርቅ እድርተኛ ነውና ቀብሩ ላይ ተገኘ፤ ቃሬዛውንም በተራው ተሸከመ። ለቀስተኛው ሲበተን እሱ ብቻ ከመቃብሩ አጠገብ ቀረ። አፍሮ ነበር፤ ማፈሩ ደግሞ አናደደው። ከእንግዲህስ የራሱ ሥቃይ የራሱ ነው፤ ተሸካሚው ከመሬት በታች ገብቷል። ይህችን ብቻ ማየት ፈለገ። ጫማውን አወለቀና የመቃብሩን ድንጋይ ባለ በሌለ ኃይሉ ጠለዘው።

አላመመውም።

ከአፈሩ ሥር “እህ!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዞር ሲል ብርነሽ በጥቁር ልብሷ ከኋላው ቆማለች። አላለቀሰችም። የምታየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው።

“ቀስ ብለህ ርገጥ” አለችው።

እንግዳወርቅ ጫማውን አጠለቀ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ጠጠር ነው። አንዱን እግሩን አሳረፈ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ጣል አደረገ፣ ከዚያ ሌላውን አነሳ። ብርነሽ እግሩን እያየች ከኋላው ተከተለችው።