በእጅ የሚነቀል ሽቦ

የእህቴ ባል ሳግናሊ በተራሮች መሃል ባለችው ከተማችን በካዛርማን ሞተር አዳምጦ ሕመሙን በማወቅ የታወቀ ሰው ነበር። ጋራዡ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ ስለሆነ፣ ክፍል ስጨርስ እሱ ዘንድ ሄጄ የተገለበጠ ሣጥን ላይ እቀመጣለሁ።

"ሙጋሊም፣ ዛሬስ ስንቱን ተማሪ አስተኛህ?" ይለኛል፤ ሙጋሊም መምህር ማለት ነው።

"አንተ ከሠራኸው ማርሚታ የባሰ የሚያንኮራፋ አላገኘሁም፣ ጄዝዴ" እለዋለሁ።

ጄዝዴ የምንለው የእህት ባልና የሚስቱ ወንድም በኛ አገር እንዲህ ይሰዳደባል፤ ካልተሰዳደበ ተኳርፏል ማለት ነው።

የዚያን ዓመት ብርዱ ሊያበቃ ሲል የአክ-ጃር ሰዎች ዳቦዋን በትራክተር ጎትተው አመጡለት። ዳቦ የምንላት ያቺን ድፍን ያለች የሩሲያ ቫን ነው። አክ-ጃር ከኛ በላይ ያለች መንደር ናት፤ በሽተኛዋም፣ ሙሽራዋም፣ የሚሸጥ በጓም የሚወጣው በዚችው መኪና ነው። ሞተሯ ተሰንጥቆ አልቆለት ነበር። መንደርተኛው ከተገለበጠ መኪና ላይ የተነቀለ የድሮ የጃፓን ሞተር፣ ከነኮምፒውተሩና ከነሽቦው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አምጥቷል።

ሳግናሊ እጁን ያፍታታው በካርቡራተር ነው። ብሎን ያላላል፣ ያጠብቃል፣ ጭሱን ያሸታል፣ አለቀ። በዚህኛው ሞተር ግን ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የገባውን አየር ከሚለካ ሣጥንና የሞተሩን ሙቀት ከሚያመጣለት ሽቦ የሰማውን ሁሉ ያምናል። ሳግናሊ ሦስት ሳምንት ታገለው። ሞተሩ ይነሳል፤ ቤንዚን ሲሰጡት ግን ይታነቃል። የአየር መለኪያው ሣጥን በአደጋው ተጨፍልቆ ስለነበር ከሌላ ሞተር የመጣ ነው የገጠመለት፤ ልካቸው ስላልተስማማ ቤንዚን ያንሰዋል።

በመጨረሻ ሣጥኑን ከፍቶ ውስጥ ያለችውን ስፕሪንግ፣ የያዛትን ጥርሳም ቀለበት አንድ አንድ ጥርስ እያዞረ አላላት፤ ቤንዚኑ ጨመረ። አሁንም ሲቀረው በሙቀቱ ሽቦ መሃል አንዲት ትንሽ ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ የምትገታ ፍሬ፣ ሰካበት። በዚህ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ይመስለውና አብዝቶ ይረጫል።

"ዋሸሁት" አለኝ እየሳቀ። "ይኼን ሁሉ የተማረ ማሽን በአንዲት ፍሬ ዋሸሁት።"

ዳቦዋ እንደ አዲስ ዘፈነች። ከጠረጴዛው ላይ ግን ክብሪት የምታህል፣ ሽቦዋ የተበጠሰ ሣጥን ቀርታ ነበር። አንስቼ አየኋት።

"ይቺ የከፍታ ናት መሰለኝ፤ ተራራ ላይ አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሩን ቤንዚን ቀንስ የምትለው።"

ሳግናሊ ተቀብሎኝ አገላበጣት። "ሞታለች። ካልዳማ ሲከፈት እዚያው ወጥተን እናስተካክለዋለን።"

ወደ ጃላል-አባድ የሚያሻግረን የካልዳማ መተላለፊያ እስከ ግንቦት በበረዶ ዝግ ነው። የአክ-ጃር ሰዎች ግን ከዚያ በፊት መጡ። ሽማግሌዎቹ በግ አርደው፣ የፈረስ ወተት ይዘው፣ ሳግናሊን ባርኔጣና ካባ አለበሱት። "አለቀች ወይ፣ ልጄ?" አሉት። ካባውን እንደለበሰ ቆሞ ነበር። ተራራውን ሳላይ አልሰጥም፣ ወይም መንገዱ ሲከፈት መልሱልኝ ማለት ነበረበት። "አልቃለች" አለ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሥጋዬን እበላ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

የዳቦዋ ሾፌር ናርማት ይባላል፤ አርባ ያልሞላው፣ ዝምተኛ፣ መኪናዋን እንደ ፈረስ የሚያሻሽ ሰው። በሰኔ ወር በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ቡሩል ሆዷን ይዛ ወደቀች። የመንደሯ ሐኪም አይታት፣ ሆድ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፣ አሁኑኑ ጃላል-አባድ ለቀዶ ጥገና ትድረስ አለች። ናርማት ኋላ ፍራሽ አነጠፈና እህቱን አጠገቧ አስቀምጦ ወጣ።

እስከ ተራራው ወገብ ድረስ ዳቦዋ ወጣች። ከዚያ ማሳል ጀመረች። ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ጉልበቷ እየከዳት ሄዳ ሄዳ ከጫፉ በታች ካለው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሯ ጠፋ። ናርማት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታቸው፤ አራቱም በቤንዚን ርሰው ጥላሸት ለብሰዋል። በቡሩል የራስ ሻሽ ጠርጎ መለሳቸው። ተነሳች፣ መቶ እርምጃ ሄደች፣ ጠፋች። ደግሞ ፈታ፣ ደግሞ ጠረገ። ቡሩል ኋላ ሆና "ናርማት፣ ተወው፤ ና እዚህ ተቀመጥ" ትለው ነበር። አልተወውም። ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲህ ታገለ። የድንጋይ ከሰል የጫነ ካማዝ የጭነት መኪና ደርሶ አሳፈራቸው፤ ቡሩል ግን ተራራውን ወርደው ሳይጨርሱ ሕይወቷ አለፈ።

ለቀብሩ የነጭ ሱፍ ድንኳን ተተክሎ ሴቶቹ ውስጥ ሆነው በዜማ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ወገባቸውን ታጥቀው፣ በትር ተደግፈው ደጅ ቆሙ። ሳግናሊ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። ማንም አልወቀሰውም፤ የአላህ ውሳኔ ነው አሉ። ይባስ ብሎ ናርማት ራሱ መጥቶ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ባይኬ ብሎ አቀፈው።

"ሳግናሊ ባይኬ፣ እርስዎማ የሚችሉትን አደረጉ። የእርስዎ ሞተር ባይኖር ከመንደር መውጣትም አንችል ነበር።"

ስንመለስ ሳግናሊ መንገዱን ሙሉ ወደ ተራራው ዞሮ ተቀመጠ።

አርባው ከወጣ በኋላ ዳቦዋ እንደገና በትራክተር ተጎትታ ጋራዡ ደጅ ቆመች። ሳግናሊ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ እጁ ጠቆረ።

"እነግረዋለሁ" አለኝ።

"ምን ይጠቅመዋል? ሚስቱን አይመልስለትም። ዝም ብለህ ሥራለት።"

"አንተም ያኔ ዝም ብለህ በላህ" አለኝ። ስድባችን አልነበረም ይሄ።

ናርማት በማግስቱ መጣ። ሳግናሊ እንዲቀመጥ አላለውም፤ ሁለቱም ቆመው ነው የተነጋገሩት።

"ናርማት፣ መኪናዋ የቆመችው በኔ ነው።"

"እንዲያ አይበሉ፣ ባይኬ።"

"ስማኝ። እዚህ ታች እንድትሮጥ ብዬ ቤንዚን አብዝቼባታለሁ። ላይ አየሩ ሲሳሳ እንደሚያንቃት አውቅ ነበር፤ ማለት ጠርጥሬ ነበር። ወጥቼ ሳላይ አልቃለች አልኳችሁ።"

ናርማት ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ከዚያ የጠየቀው እኔ ያልጠበቅኩትን ነው።

"ቢነግሩኝ ኖሮ እዚያ ላይ ማድረግ የምችለው ነገር ነበር?"

ሳግናሊ መዋሸት ይችል ነበር። ወደ ዳቦዋ ሄደ። የዚች መኪና ሞተር ከሾፌሩና ከጎኑ ወንበር መሃል፣ ካቢናው ውስጥ ነው ያለው። ክዳኑን አነሳ።

"ይቺን ፍሬ ከመሃል ነቅለህ፣ ሁለቱን ጫፎች መልሰህ ብታገናኝ ቤንዚኑ ይቀንስ ነበር። ካንዴላውን ከጠረግክ በኋላ... እያሳለችም ቢሆን ትወጣ ነበር።"

"በመፍቻ?"

"በእጅ።"

ናርማት ተጎንብሶ አየ። ሽቦው ሾፌሩ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከሚያርፍበት ቦታ አንድ ስንዝር አይርቅም። እጁን ሰዶ ነካው። ነቀለው። መልሶ ሰካው። እንደገና ነቀለው።

"ቡሩል ና ተቀመጥ አለችኝ" አለ። "እኔ ለመኪናው ብዬ ትቻት..."

ፍሬዋን ሳግናሊ ደረት ላይ ወርውሮ ወጣ። ሳግናሊ የእኔን ስም አላነሳም ነበር፤ እኔም ከሣጥኔ አልተነሳሁም።

ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ሳግናሊ በእነዚያ ቀናት ሌላ ሥራ አልተቀበለም። ጃላል-አባድ ገበያ ሰው ልኮ ደህና የከፍታ ሣጥን፣ ትክክለኛ የአየር መለኪያና ማርሚታ ላይ የሚሰካ የጭስ መለኪያ ቴስተር አስመጣ። በአሥረኛው ቀን ናርማት በሩ ላይ ቆመ፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል።

"አክ-ጃር ሌላ መኪና የላትም" አለ። "ይሠሩታል። ግን ላይ ድረስ አብረን ወጥተን ነው።"

አዲሶቹ ዕቃዎች ተገጥመው ሦስታችን ወጣን። ናርማት ይነዳል፣ ሳግናሊ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ በቴስተሩ ላይ ያፈጥጣል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ቁጥሩን እጽፋለሁ። የተቀመጥኩት ፍራሹ ከነበረበት ቦታ ላይ ነው። በየጠመዝማዛው ቆምን። ሳግናሊ ስፕሪንጓን አንድ ጥርስ ያጠብቃል፣ ሚኒሞውን፣ ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞርበትን ድምፅ፣ ያዳምጣል፣ ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን ያያል፣ "ሂድ" ይላል። ናርማት ይሄዳል። ካንዴላዎቹ የቱንም ያህል ብንወጣ ጥላሸት ሳይለብሱ እንደ ደረቅ ጡብ ቡናማ ሆነው ቀሩ።

እዚያች ጠመዝማዛ ስንደርስ ናርማት ሳይነገረው ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። በመስኮት ነፋሱ ይሰማል። ቁልፉን አዞረ፤ ወዲያው ተነሳች። አጠፋ። አዞረ፤ ተነሳች። አጠፋ። ስንት ጊዜ እንዳደረገው አልቆጠርኩም። እያንዳንዷን ጊዜ ዳቦዋ ያለ አንድ ሳል ትነሳለች፤ እሱም እያንዳንዷን ጊዜ ፊቱ ይበልጥ ይጨማደዳል። በመጨረሻ ግንባሩን መሪው ላይ አደረገና፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ሳግናሊ እጁን ወደ ትከሻው ዘረጋ፤ መሃል ላይ አቁሞ ወደ ጉልበቱ መለሰው።

ጫፉን አልፈን ወደ ማዶ ወረድን፤ እዚያ ዞረን ያለ ምንም ችግር ተመለስን። ጋራዡ በር ላይ ናርማት ከመኪናዋ ሳይወርድ "ጨርሰዋል?" አለ።

"ሳምንት ንዳትና መልሰህ አምጣልኝ። ያኔ እነግርሃለሁ።"

"እሺ፣ ኡስታ" አለ። የማያውቁት ባለሙያ ነው እንዲህ የሚጠራው። ከዚያ ወዲያ ባይኬ ብሎት አያውቅም።

አሁን ሰባት ዓመት ሆነ። ዳቦዋ ምጥ የያዛቸውንም፣ እግሩ የተሰበረውንም በካልዳማ እያሻገረች ነው፤ አንድም ቀን አልቆመችም። በየዓመቱ መንገዱ ሊከፈት ሲል ናርማት ያመጣታል። ሳግናሊ ዓይኑ ስለደከመ ቴስተሩን እኔ አነብለታለሁ። እህቴ ትኩስ ዳቦና ሻይ ይዛ ትወጣለች፤ ናርማት ተነስቶ በሁለት እጁ ይቀበላታል፣ "ራህማት፣ ኤጄ" ብሎ እንደ ታላቅ እህት ያመሰግናታል፣ ሳይቀምሰው ግድግዳው ሥር ያስቀምጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ለኔ እጁን ይሰጠኛል፣ ለሳግናሊ ራሱን ይነቀንቅለታል፣ ይሄዳል። እህቴም ወጥታ የቀዘቀዘውን ሻይ መሬት ላይ ትደፋዋለች።