የጋሽ ደምሰው አውራ ጣት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። አማቴ ጋሽ ደምሰው ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ተሾመች ከሞቱ ወዲህ ሀና ማርያም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጃቸው ከትሩፋትና ከእኔ ጋር ይኖራሉ። የቀራቸው ደስታ አንድ ብቻ ነው፤ ዓሣ ማጥመድ። በወር አንድ ቅዳሜ ቆቃ ይዣቸው እወርዳለሁ። እኔ ጥላ ፈልጌ ጋደም እላለሁ፣ እሳቸው መንጠቋቸውን ይዘው የሐይቁን ዳር ዳር ይሄዳሉ። ያዙም አልያዙም፣ ሲመለሱ ፊታቸው አሥር ዓመት ቀንሶ አየዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠፉብኝ። እሳቸው የሚወዱት ጥግ ስልክ አይሠራም። ውሃውን እያየሁ ለትሩፋት ምን ብዬ እነግራታለሁ ስል፣ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ አንጠልጥለው እየሳቁ መጡ። ነገሩን ልደብቃት ወስኜ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው እራት ላይ እንደ ቀልድ አወሩላት። ትሩፋት አልሳቀችም። ወይ ስልክ በሌለበት የሚሠራ መገናኛ ይገኛል፣ ወይ መንጠቆው ይሰቀላል አለች። ትሩፋት አለች ማለት አለች ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ።

የእጅ ሬዲዮ ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥበቃዎችና የሠርግ አስተናባሪዎች ወገባቸው ላይ የሚሰኩት ዓይነት ማለቴ ነው። ዕቃው እንደ ቲማቲም ተመርጦ የሚገዛ አይደለም፤ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱን በዓሣ አጥማጅ ማኅበራችን ስም አስጨረስኩና ጋሼን ይዤ ለቡ መብራት ኃይል፣ ሮበሌ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ሄድኩ።

ሮበሌ የማይቸኩል ሰው ነው። ሦስት ዓይነት አውጥቶ ደረደረልን። ካርቶኑ ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚል አይቼ ስደሰት፣ የካርቶን ወሬና የደላላ ወሬ አንድ ነው አለኝ። ሜዳና ሐይቅ ላይ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ጋራ ወይ ሕንፃ ከጋረደው ደግሞ ግማሹንም አትጠብቁ። ትንሿ ርካሽ ናት፣ ግን ውሃ ከነካት አለቀላት። ቢጫዋ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ባትሪዋ ግን ለቀትር አይደርስም። ጥቁሯ ከበድ ትላለች፤ ዝናብ አትፈራም፣ አንቴናዋም ረጅም ነው። ጋሼ ጥቁሯን እንደ ማርሽ ዘንግ ጨበጥ አደረጉና ይቺ ዕቃ ናት አሉ። በዚያው ተወሰነ።

ትምህርቱ አጭር ነበር። ጎኗ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫን ትናገራለህ፣ ስትለቅ ትሰማለህ፤ አንዱ ተጭኖ ሳለ ሌላው ቢጮህ አይሰማም። ጥንድ ናትና አንዷን ይዤ አስፋልቱን ተሻገርኩና ሞከርናት። ችግሩ ግን የእኛ ሰላምታ ተራ አይጠብቅም። እሳቸው እንዴት ዋልክ ሲሉ እኔ እንዴት ዋሉ እላለሁ፤ እሳቸው ደህና ነህ ወይ ላይ ሲደርሱ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ላይ ነኝ። ሁለታችንም እኩል ተጭነን፣ እኩል ሳንሰማማ ቆየን። ሮበሌ በሩ ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

በሦስተኛው ሙከራ እኔ ዝም አልኩና ጋሼ ብቻቸውን ያዙት። ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የመኪናዬን ጎማ፣ ጠዋት አብረን ቁርስ ያልበላን ይመስል አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እናቴ ላይ ሲደርሱ ሬዲዮዋ ጢጥ አለችና ድምፃቸው ተቆረጠ።

ተመልሼ ስመጣ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቀኝ። ሮበሌ እያስረዳቸው ነበር፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከተጫኗት ራሷ ታቋርጣለች፣ ሥሪቷ ነው። ጋሼ ትልቅ ሰው ሲናገር የሚያቋርጥ ዕቃ አይተው እንደማያውቁ ነገሩን። እኔም አማቴ ፊት መዋረድ መሰለኝና ሮበሌን ይህን ነገር አጥፋልኝ አልኩት።

«ወንድሜ፣ ያለ ምክንያት አልተደረገም» አለኝ። «ሰው ጣቱን ከረሳ መስመሩ ይታሰራል።»

«የአማቴን አፍ የሚዘጋ ማሽን ይዤ ቤቴ አልገባም። አጥፋልኝ።»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኛትና በሁለት ደቂቃ አጠፋልኝ። ጋሼ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። የተመረቅሁ ያህል ደስ አለኝ። ያን ደስታዬን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ትሩፋት በወሬ አታምንም፣ ፈተና ትፈልጋለች። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ፉሪ ተራራ ላይ እንዲወጡ፣ እኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ደረጃችን ላይ እንድቆም ተስማማን። በሬዲዮዋ ከተሰማማን በሚቀጥለው ሳምንት ቆቃ ነን። ጋሼ ሲወጡ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያዙት እንጂ ብላቸው፣ ስልክ ከያዝኩማ ምኑን ፈተና ሆነ ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ተውኩት። ሲጨርሱ ማጥፋትዎን አይርሱ፣ ባትሪ ትበላለች፤ ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው።

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ድምፃቸው ጎረቤት የቆሙ ያህል ጥርት ብሎ መጣ። ሰላምታቸውን ማንም ሳያቋርጣቸው እስከ መጨረሻው አደረሱት፤ ቁልፉንም ለቀቁ፤ እኔም በተራዬ መለስኩ። የኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ይታየኛል አሉኝ። እንደ ልጅ ተደስተዋል። በቃ አልፈናል፣ ይመለሱ አልኳቸው። ሐይቁም እኮ ጋራ አለው፣ ትንሽ ዞር ብዬ ከድንጋይ ጀርባ ልሞክራት አሉ። በየት በኩል እንደሚዞሩ አልጠየቅኋቸውም።

ሩብ ሰዓት ቢያልፍ ነው።

«ቴዎ፣ ወደቅሁ ልጄ።»

ቀጥለው፣ የድሮ የድንጋይ ማውጫ ካባ ውስጥ መሆናቸውን፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ባይሆንም እግራቸው እምቢ ማለቱን ነገሩኝ። ከዚያ መልሴን ለመስማት ዝም አሉ። ግን ቁልፉን አልለቀቁም። ነፋሱ ይሰማኛል፣ ጠጠር ሲንከባለል ይሰማኛል፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። የማርሽ ዘንግ የለመደ እጅ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ማን ያጣዋል፤ ጭምድድ አድርገው ይዘዋታል።

ተጭኜ ጮህኩ። ጋሼ፣ የት በኩል ነው? ለቀቅ ሳደርግ ትንፋሻቸው እንዳለ ነው። ደግሜ ጮህኩ። ይልቀቁት፣ ቁልፉን ይልቀቁት እያልኩ የደረጃውን ብረት በእጄ ደበደብኩ። ፉሪ ላይ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ አንድ ቢሆን ምን ነበረበት፤ በየጎኑ ነው። የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ በየት።

«ቴዎ፣ ትሰማኛለህ?»

እሰማዎታለሁ። ከዚህ በላይ ማንንም ሰምቼ አላውቅም።

ሮጬ ወረድኩና ባጃጅ አስቁሜ ወደ ፉሪ በለው አልኩት። ለትሩፋት አልደወልኩም። ሥራ ላይ ናት፤ ደግሞስ ምን ልበላት? ሬዲዮዋ ጭኔ ላይ ሆና ታወራለች። ነጂው ትንሽ ካዳመጠ በኋላ ዞር ብሎ አየኝ።

«ጠይቃቸዋ የት እንዳሉ።»

«አልችልም።»

«እየሰማሃቸው?»

«እየሰማኋቸው።»

እንደ እብድ አየኝና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ሰውየው አልተሳሳተም።

ጋሼ መጀመሪያ ለእኔ ምክንያት ፈለጉልኝ። ሥራ ይዞት ይሆናል፣ ውሃ ሊጠጣ ገብቶ ይሆናል አሉ። ቀጥሎ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት፤ ደህንነቱን ሳልጠይቀው ዘው ብዬ ጀምሬበት ነው መሰለኝ አሉና፣ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው፣ ሰላምታውን እንደገና ጀመሩት። እንዴት ነህ ልጄ፣ ደህና ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው። እያንዳንዷን ጠይቀው ይጠብቃሉ። በእያንዳንዷ ላይ አውራ ጣታቸው እዚያው ቁልፉ ላይ ነው። እኔ ባጃጅ ውስጥ ጮክ ብዬ ደህና ነኝ ጋሼ፣ ደህና ነኝ እላለሁ። መሳደብም አማረኝ፤ ማንን እንደምሰድብ ጠፋኝ። አጥፋልኝ ያልኩት እኔው ነኝ። አንድ ደቂቃ! ያቺ ጢጥ የምትል ነገር ብትኖር በደቂቃው ትቆርጣቸው ነበር፣ እኔም እገባ ነበር።

የፉሪን ዳገት ስንጀምር ድምፃቸው ተለወጠ። እኔን መጥራት ተዉ።

«ተሾመች» አሉ። «አንቺም እንዲህ ነበር የሆንሽው? እንዲህ ስትጠሪኝ ነው ያደርሽው?»

ይህን ታሪክ ከትሩፋት በሹክሹክታ ነው የሰማሁት፤ እሳቸው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። እማማ ተሾመች ያረፉ ጊዜ ጋሼ ጭነት ይዘው መተማ መንገድ ላይ ነበሩ። ሴትዮዋ ነፍሳቸው እስክትወጣ የባላቸውን ስም ሲጠሩ ነበር አሉ።

«እኔ እኮ መንገድ ላይ ነበርኩ» አሉ ጋሼ። «አልሰማሁሽም። ብሰማሽ ዝም እልሽ ነበር?»

ከዚያ አለቀሱ። ትልቅ ሰው ማንም አይሰማኝም ብሎ ሲያለቅስ መስማት ምን እንደሆነ ለጠላቴም አልመኝም። ሬዲዮዋን ዝም ላሰኛት እጄን ሰደድኩ፣ ምናልባት ቦታውን ቢናገሩስ ብዬ መለስኩት። ነጂው ባጃጁን ያለ ምክንያት አቁሞ ፊቱን በእጁ ጠረገና እንደገና ነዳ።

በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ሳይሰናበት አይለይም፤ መልስ የማይሰጥ ሰውም ቢሆን።

«በል ልጄ፣ ደህና ዋል። ትሩፋትን አደራ።»

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለቀቁት።

ተጫንኩ። ጋሼ፣ ሰምቼዎታለሁ፣ የት በኩል ነዎት? ብዬ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩና ለቀቅሁ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም። ሲጨርሱ ማጥፋትዎን አይርሱ ያልኳቸውን አልረሱም፤ ጨርሰው አጠፏት።

ከባጃጅ ነጂውና ድንጋይ ከሚፈልጡ ሠራተኞች ጋር በየጉድጓዱ ስንጣራ ቆየን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በአራተኛው ካባ ውስጥ አገኘናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው ጎናቸው አስቀምጠው ነበር። ሬዲዮዋ አቧራዋ ተጠርጎ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበረች። መጣህ? አሉኝ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። ሲቆዩብኝ ጊዜ መጣሁ አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ሐኪም ቤት እግራቸው በጄሶ ታሰረ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ግን ይድናል ተባለ። ትሩፋት ከሥራ እየሮጠች መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የአባቷን እጅ ይዛ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰምተኸኝ ነበር?»

ሰምቼዎታለሁ ብል ሬዲዮዋ ከወቀሳ ትድናለች። ጥፋቱ የጣትዎና የእኔ ነው፣ ቆቃን ማንም አይከለክልዎትም ማለት ነው። ግን ያን ሁሉ ሰምቻለሁ ማለትም ነው፤ ልቅሶውን፣ ተሾመችን። ሰምቼ ዝም አልኩ ማለትም ነው፤ የቱንም ያህል ስለ ቁልፍ ባስረዳ፣ የእሳቸው ጆሮ የሚይዘው ይህችን ብቻ ነው። ዓይናቸውን አየሁት። ፈርተዋል።

«አልሰማሁም ጋሼ» አልኩ።

ፊታቸው ተፈታ። ጉድጓድ ውስጥ ከወደቁ ጀምሮ ያልወጣ አየር የወጣላቸው መሰለኝ።

«እኔም ብያለሁ» አሉ። «ብትሰማ ኖሮማ ትመልስልኝ ነበር።»

ትሩፋት ኪሳቸው ውስጥ የነበረችውን ሬዲዮ አንስታ አገላብጣ አየቻትና ኮመዲኖው ላይ ወረወረቻት። እንግዲህ የማይሠራ ዕቃ ነው፣ ከዛሬ ወዲያ ዓሣ የሚባል ነገር እንዳልሰማ አለች። ጋሼ አልተከራከሯትም። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ እኔ ነኝ እንግዲህ ሬዲዮዋን ያመጣኋት፣ ያመሰገንኳት፤ አንድ ነገር እንድል ጠበቁኝ። መንጠቋቸውን የምታስመልስ አንድ ቃል አፌ ውስጥ ነበረች።

ጠበቁኝ። ዝም አልኩ። በዚህኛው ጊዜ ቁልፉን የያዘብኝ ማንም አልነበረም።